ሰባተኛውን ጨዋታ ያልነገሩኝ ሰው

ጉልበቴ እስካሁን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሪህ አይደለም፣ ስኳርም አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ማህሌት የምትማርበት ኮሌጅ ሄጄ አንድ የመስታወት ሳጥን ፊት ክው ብዬ ከቀረሁ ወዲህ፣ ደረጃ ስወጣ እጄ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሐኪሙ "ስትረስ ነው፤ ውሃ ጠጪ" አለኝ። ውሃውንስ እጠጣለሁ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ደግ ነገር ሁሉ አንደኛ ብዬ አርባ ዓመት ያስቀመጥኩት ነገር ተገልብጦ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ግን ውሃ ምን ይፈይዳል? ለማንም በወጉ አልተናገርኩትም። እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የሰዎቹን ስም ግን ለውጫለሁ።

ማህሌት የምትማረው ከዳላስ ወደ ዴንተን በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ነው። ከክላስ በኋላ ላይብረሪው ውስጥ ትሠራለች። እዚያ የኮሌጁን የድሮ የፉትቦል ቡድን የሚያስታውስ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚዘከረው ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው አንድ የጨዋታ ዘመን ነው። ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ እነዚህ ሞላላዋን ኳስ አቅፈው እየሮጡ እንደ ወይፈን የሚላተሙበትን ነው። "እማማ፣ ነይ እዪው፤ አንቺ ሁሌ ስለዛ ኦልድ ማን ፉትቦል ታወሪ የለ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አወራለሁ። እናቷን ያሳደግኳት በተረት ሳይሆን በሚስተር ሃርላን ጨዋታዎች ነው። ሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ወዳለሁበት ሮውሌት ድረስ መጥታ ወሰደችኝ። መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

ሳጥኑ ውስጥ አንዲት የተጨማደደች የቆዳ ኳስ አለች፤ ጎኗ ላይ የጎማ የአፍንጫ መከለያ፤ ከበላያቸው አንድ ትልቅ ፎቶ። አሥራ አንድ ወጣቶች፤ ገሚሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፣ ገሚሱ ቆመዋል። ፀጉራቸው ረጅም፣ መሃል ለመሃል የተከፈለ። መነጽሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ሳይ፣ ከኋላ ከቆሙት ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። የግራ ጆሮው ተጨፍልቆ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተሰብስቧል። ያን ጆሮ የማላውቀው ከሆነ ማንም አያውቀውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላው በፎጣ ጠርጌዋለሁ። "ሚስተር ሃርላን ናቸው" አልኩ ለማህሌት፤ "የኔ ሰውዬ። በእግዚአብሔር ስም፣ እዚህ ነው እንዴ የተማሩት?" እሳቸው ሲነግሩኝ የኮሌጁ ስም ሌላ ነበር፤ ለካ ተቀይሯል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያቺን ሳቄን ሳስባት አሁን ታሳፍረኛለች።

ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ ቁጥር ድሮም አይሆንልኝም። ዳላስ ግን ዛሬ የምታዩዋት ዳላስ አልነበረችም። ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነበር፤ ብር ስል ዶላሩን ነው፣ እኛ እስካሁን ብር ነው የምንለው። አራት ሴቶች ሆነን ተከራየን። ሁለቱ አልጋ ላይ፣ ሁለቱ ምንጣፉ ላይ፣ በየሳምንቱ እንቀያየራለን። የክረምት ካፖርት ለአራታችን አንድ ብቻ ነበረን፤ ቡናማ፣ ወንዴ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠን። የጠዋት ሺፍት ያላት ትለብሰዋለች፤ ስትመለስ ለከሰዓቷ ታወልቅላታለች፤ አንዳንዴ የምንቀያየረው ስኪልማን መንገድ ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው፣ አንዷ ስትወርድ አንዷ ስትሳፈር። ሾፌሩ ይህን አይቶ ሲስቅብን ኖሮ አንድ ቀን ጓንት ሰጠን። የአውቶቡሱ ሬዲዮ ሚስቱ ትታው ስለሄደች ሰውዬ ይዘፍናል፤ በሚቀጥለው ዘፈን ሌላ ሰውዬ እንደዚሁ ተትቷል። እንግሊዝኛ የለመድኩት በነዚህ የተተዉ ሰዎች ነው። እሑድ እሑድ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ሸሚዝ ለብሰን፣ ፀጉራችንን በስፕሬይ አቁመን፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከካሴት ካሴት ተገልብጦ ተገልብጦ የደከመ ዘፈን እንሰማለን። ዛሬ አውቶቡስ ማቆሚያው በነበረበት ማዕዘን ስልክ የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቷል። ባለፈው ሳልፍ ፓርክ አድርጊልኝ ብዬ ልጄን አቁሜ፣ ማቆሚያውን ፈልጌ አጣሁት።

ሥራዬ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት ነበር፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ። ሥራው የተጀመረው በነጭ ጫማ ነው፤ በዘጠኝ ብር ገዝቼ በየቀኑ ነጭ ቀለም እቀባዋለሁ። ቤቱ ጡብ ነው፣ አንድ ፎቅ፣ ደጁ ላይ የፔካን ዛፍ። ኮሪደሩ ካምፎር ካምፎር ይሸታል። ሚስተር ሃርላን የተሰጡኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዘጠናን አልፈዋል፣ ቁመታቸው አልጋውን ሞልቶ እግራቸው ይወጣል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ሆኖ ለገና ብቻ ይደውላል። ልባቸው አንድ ቀን እዚህ ነው፣ አንድ ቀን የት እንዳለ አይታወቅም። ስሜ አስቴር መሆኑ ተመቻቸው፤ ሌሎቹ ሴቶች ስማቸው እየተሰበረ ሲጠሩ እኔ "ኤስተር" ተብዬ በክብር እጠራለሁ። አለቃችን ሚስ ዶሪስ፣ "አንቺን ሲያዩ ብቻ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት" ትለኝ ነበር።

አፋቸውን የሚከፍቱት ደግሞ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ የጨዋታ ዘመን ሰባት ጨዋታ ነበረው፤ እኔም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሠራለሁ። ጢማቸውን ስላጭ በቀን አንድ ጨዋታ ይነግሩኛል። ሰኞ የመጀመሪያው ነው፦ ሜዳው የላም ግጦሽ ነው፣ ከመጫወታቸው በፊት ኩበት ይለቅማሉ፣ መንፊያው ስለተሰበረ ኳሷን በአፉ የነፋት ክሊንት የሚባለው ጓደኛቸው ነው። ማክሰኞ ሁለተኛው፦ ባለጋራዎቹ ተማሪ ነው ብለው ያሰለፉት ሰውዬ ለካ የከተማው አንጥረኛ ነው፣ ሦስት ልጆቹ ዳር ቆመው "አባዬ በርታ" ይላሉ። ረቡዕ ፎርት ወርዝ ሄደው ነው፤ በባቡር፤ ሴቶቹ ትሪ የሚያክል ባርኔጣ አድርገው በሠረገላ ሜዳውን ከበው ያያሉ። አርብ አምስተኛው፦ አሸንፈው ሲወጡ የአገሩ ሰው በስኳር ድንች እየደበደበ እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኛቸው። እኔ ምላጩን ይዤ እስቃለሁ። እሳቸው ግን አይስቁም፤ ሳሙናው አገጫቸው ላይ እየደረቀ፣ ማን ለማን እንዳቀበለ ያስረዱኛል።

ያኔም ቢሆን ደንግጬ ነበር፤ አልዋሽም። የራስ ቁር የሚባል የለም። ራሳቸውን የሚከላከሉት ፀጉር አሳድገው ነው። ሱሪያቸው ውስጥ የተሰፋው ጥጥ የክሊንት እናት ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቀደው ለአሥራ አንዱም የሰፉት ነው። ተቀያሪ ደግሞ የላቸውም፤ ኮሌጁ መጫወት የሚችል ልጅ ያለው አሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ከጎደለ ጨዋታ የለም። "ሰው ቢጎዳስ?" ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። "ይነሳል" አሉኝ። "ባይነሳስ?" ስላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የምላጩ ጊዜ ስለነበር ፊታቸውን መልሼ አስተካከልኩ፤ ነገሩንም ረሳሁት።

ክሊንት ከሁሉም ትንሹ ነው። ኳሷን ይዞ የሚሮጠው እሱ፣ ባቡር ላይ የሚዘፍነው እሱ። ከሚስተር ሃርላን ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ካፖርት ይጋራሉ። የኛን የካፖርት ጣጣ ስነግራቸው እንደዚያ ቀን ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። "ለቁመቱ ይረዝመው ነበር፤ መሬት ይጠርግበታል" አሉኝ። ስድስተኛው የቅዳሜው ጨዋታ ነው፤ ለኔም የሚነገረኝ ቅዳሜ። ክሊንት ኳሷን አቅፎ ሄዶ ግብ አገባ፣ ሁለት ሰው ጭንቅላቱ ላይ ወደቀበት፣ ተነሳ፣ ሳቀ፣ አሸነፍን። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ያቆማሉ። "ተነሳ፣ ሳቀ" ይላሉና ውሃ ይጠይቃሉ።

ሰባተኛውስ? እሑድ የኔ የዕረፍት ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የሰባተኛው ጨዋታ ድርሻ ኦፌ ላይ ዋለ እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። አንድ እሑድ ሰው ጎድሎ ሲያስገቡኝ፣ ሳሙናውን እየቀባሁ "እሺ ሰባተኛው?" አልኳቸው። "የታንክስጊቪንግ ዕለት ነበር። ዝናብ ነበር" አሉኝ፤ የፈረንጆቹን የምስጋና በዓል ማለታቸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ተሸንፈው ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድ ልጅ መሸነፉን መቼ ያወራል? ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ። "ክሊንትን አይተሽዋል?" ይሉኛል። "አላየኋቸውም" እላለሁ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እንደ ሚስተር ሃርላን ያረጁ፣ እዚያው ዳላስ የሆነ ሰፈር ያሉ፣ ልጆቻቸው አላመጣቸው ብለው የቀሩ ሽማግሌ አድርጌ ነው የሳልኳቸው።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ግድግዳው ላይ የካርቶን ተርኪ፣ የበዓሉ ወፍ፣ ተለጥፏል፤ ታንክስጊቪንግ ሊደርስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። ካፖርቱ ተራዬ ስላልነበረ እየተንቀጠቀጥኩ ገባሁ። ሚስ ዶሪስ በር ላይ ተቀብላኝ፣ "ሁለት ቀን ምንም አልቀመሱም፤ ዛሬም ካልበሉ ሐኪም ቤት ነው፣ የመመገቢያ ቱቦ ነው" አለችኝ። አጃውን ይዤ ገባሁ። ዓይናቸውን ከፈቱና "ክሊንትን አይተሽዋል?" አሉኝ።

እዚህ ጋ እኛን የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። አባቴ በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ወንድሙን ይጠይቅ ነበር። ወንድሙ በመሬት ተጣልቶት አልመጣ አለ። እናቴ ምን ትበል? "ኧረ መጥቶ ነበር፤ ተኝተህ አግኝቶህ አትቀስቅሱት ብሎ ሄደ እንጂ። ሰላም ብሎሃል" ትለዋለች። አባቴ ያን ቀን ሾርባ ጠጣ። እኛ ዘንድ ይህ ከውሸት አይቆጠርም። ለታመመ ሰው ሰላምታ አይነፈግም፤ ባይልኩለትም ይደርሰዋል። እኔም እንደ እናቴ አደረግኩ።

"አዎ፣ ቅድም መጥተው ነበር" አልኳቸው።

"ማን?"

"ክሊንት። ተኝተው ነበር እርስዎ። እዚህ እግርጌዎ ቆመው አይተውዎት፣ አትቀስቅሷቸው ብለውኝ ሄዱ። ሰላም ብለዎታል።"

ማንኪያውን የያዝኩበትን እጄን አንጓው ላይ ያዙኝ። የዘጠና ዓመት ሰው ያን ያህል ኃይል አለው ብዬ አላስብም ነበር።

"መልኩ እንዴት ነበር?"

"ደህና ናቸው" አልኩ፤ ለሽማግሌ የሚባለውን ደግሞ ጨመርኩበት። "ዕድሜያቸውን እኮ አይመስሉም። ልጅ ነው የሚመስሉት።"

"ፀጉሩ ረጥቧል?"

"ውጭ ዝናብ ነው፤ ረጥበዋል እንጂ።"

ከንፈራቸው ነጣ። ደስታ ነው አልኩ። ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነኝ፤ የሰው ፊት ማንበብ የምችል ይመስለኛል። "ተቆጥቷል?" አሉኝ በቀስታ። "ምን ሊያስቆጣቸው። እየሳቁ ነው የሄዱት" አልኳቸው። ሚስተር ሃርላን አለቀሱ። እንባቸው ወደ ተጨፈለቀው ጆሯቸው ሲወርድ በፎጣዬ ጠረግኩላቸው። ከዚያ አጃውን እስከ መጨረሻው በሉ። ሳህኑን ይዤ ስወጣ ሚስ ዶሪስ "ምን አድርገሽ ነው?" አለችኝ። የባሕል መድኃኒት ነው አልኳት፤ ተሳሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ልሰናበታቸው ስገባ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ኤስተር፣ ሲመለስ ቀስቅሺኝ። ካልነቃሁ ግን ሰላም በይው። ከዚያ፣ ስለ ቅዳሜው መናገር ነበረብኝ ብሏል በይው።" "ስለ ቅዳሜው ምኑን?" አልኳቸው። "እሱ ያውቃል" አሉኝ። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። አደራ የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ እጄን የያዙበት አያያዝ ግን አደራ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ቆዩ። በየቀኑ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው፣ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ አይሆንም አሉ። ሁለተኛ ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡ። በሩን ክፍት ተይው ይላሉ። ይበላሉ። ስለ ጨዋታዎቹ ማውራት ተዉ። ክሊንትን አይተሽዋል ማለቱንም ተዉ፤ ዝም ብለው በሩን ያያሉ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንደተቀመጡ፣ ክራቫታቸው እንደታሰረ፣ አረፉ። አልቅሼ ወጣልኝ። ክሊንት የሚባሉ ሽማግሌ ለቀብር ይመጡ ይሆናል ብዬ በሩን ሳይ ነበር፤ አልመጡም። ምናልባት እሳቸውም ታመው ነው አልኩ። አደራው እንዲህ ሆኖ እኔ ዘንድ ቀረ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ምስክርነት ብዬ ተናግሬዋለሁ። አዲስ መጥተው አዛውንት ቤት ሥራ የሚገቡ ሴቶችን ሰብስቤ "በሽተኛን በቃል መመገብ" እያልኩ አስተምሬበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ኩራቴ ነበር። ሰው ሁሉ በእንጀራው ሲሯሯጥ እኔ አንድ ሰው ቱቦ ሳይገባበት በክራቫቱ እንዲሞት አደረግኩ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ።

እና መስታወቱ ፊት እየሳቅኩ፣ "ክሊንት የቱ ነው? ፈልጊልኝ" አልኳት ማህሌትን። ጎንበስ ብላ ከሥር የተጻፈውን ታነባለች። ስሞቹን በጣቷ ተከተለች። "እማማ፣ ይሄ ከፊት የተቀመጠው ነው። ስሞሉ፣ ትንሹ።" አየሁት። ጉንጩ ክብ ነው፣ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል ነው ፎቶ የተነሳው። "ከዚያስ፣ ምን ሆኑ ይላል? መቼ ሞቱ?" አልኳት።

"ላይክ... ሞተ፣ ያኔ። በጨዋታው ውስጥ።"

"በየትኛው ጨዋታ?"

"ላስቱ ላይ። ሰባተኛው። ሜዳው ላይ ወደቀ፣ ዝናብ ነበር ይላል፣ አልተነሳም። ናይንቲን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።"

ሌላ ክሊንት ነው አልኳት። የለም፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ክሊንት አንድ ነው። ደግመሽ አንብቢው አልኳት፤ ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስላት "እማማ፣ ኦኬ ነሽ?" አለችኝና ክንዴን ያዘች። ኦኬ አልነበርኩም። ሳጥኑን ተደገፍኩ። የተናገርኩት ሁሉ ቃል በቃል ይመለስብኝ ጀመር። እግርጌዎ ቆመው ነበር። ልጅ ነው የሚመስሉት። ረጥበዋል እንጂ። እየሳቁ ሄዱ። ሞቶ ሰባ ዓመት ያለፈውን ልጅ ከነዝናቡ አምጥቼ የታመመ ሰው አልጋ ሥር አቆምኩት። ከዚያም ለሰውዬው አጃ አጎረስኩ። በሞትኩት።

ማህሌት ማንበቧን አላቆመችም። ሐኪሙ በኋላ ሲመረምረው የሞተው በዚያ ቀን ግጭት ብቻ አይደለም ይላል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በስድስተኛው ጨዋታ፣ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ነበር። ሳምንቱን ሁሉ ታሞ ደብቆታል። ቡድኑ አሥራ አንድ ብቻ ስለነበር ጨዋታው እንዳይቀር ብሎ ነው ይላል። "ከጓደኞቹ ማንም አላወቀም ነበር፣ ይላል" አለችኝ።

ማንም አላወቀም። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ካፖርት። እኔ ከሦስት ሴቶች ጋር ኖሬያለሁ፤ አንዷ ስታስል ሳንባዋን አውቀዋለሁ። በአንድ አልጋ የሚተኛ ጓደኛው ሲያስመልሰው፣ ራሱን ይዞ ሲያቃስት ያልሰማ ማን ነው? ስለ ቅዳሜው መናገር ነበረብኝ። ለአርባ ዓመት ትርጉሙን ሳላውቅ የያዝኩት ቃል ያኔ ገባኝ። ልጁ አትንገርብኝ ብሎ ለምኗቸው ይሆናል፤ እሳቸውም እሺ ብለው ይሆናል፤ ዘጠና ዓመት እስኪያልፋቸው ለሚስት ሳይናገሩ፣ ለልጅ ሳይናገሩ ኖሩ፤ ከዚያ እኔ ነጭ ጫማዬን አድርጌ ከልጁ ሰላምታ ይዤ መጣሁ።

ወንበር አመጡልኝ። የላይብረሪዋ ኃላፊ ውሃ ይዛ መጥታ፣ ከፎቶው ውስጥ የማውቀው ሰው አለ ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። ማህሌት "ንገሪያት እማማ፣ ይሄ እኮ ሂስትሪ ነው" አለች። አንዱን አጥቤው ነበር አልኩ፤ ሌላውን አልነገርኳትም። ሰውዬው የላኩኝ ወደ እሷ አይደለም። ይልቅ "ይህ ልጅ የት ነው የተቀበረው?" አልኳት። እናቱ ወደ ገጠር ወስደው ከቤታቸው አጠገብ ነው የቀበሩት፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው አለችኝ።

ወደ መቃብሩ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቀኝ። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ሚስተር ሃርላን ክራቫት አስረው በሩን ሲያዩ፣ ፈርተው ነው ወይስ ናፍቀው? የሚፈራ ሰው በር ክፍት ይሁን አይልም። ወንበርም አያስመጣም። ይህን ለራሴ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ የነጣው ከንፈራቸው ይመጣብኛል። ሚስ ዶሪስ ብትኖር እጠይቃት ነበር፤ እሷም ከሞተች ቆይቷል። አላውቅም። በፈጣሪ ፊት ብጠየቅም የምመልሰው አላውቅም ብዬ ነው።

ፓስተራችን ይህን ካነበበ ያዝንብኛል። ከሙታን ጋር አይነጋገሩም፣ ሙታን አይሰሙም ተብለን ተምረናል፤ እኔም ስንቱን አስተምሬያለሁ። አደራ ግን አደራ ነው፤ በልቼው መሞት አልፈልግም። መቃብሩን ማህሌት ናት ያገኘችው። ሣሩ ታጭዷል፣ ድንጋዩ ትንሽ ነው፣ የእናቱ አጠገቡ ነው። ለአሥራ አንድ ልጅ ሱሪ የሰፉት እናት። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ድንጋዩ እርጥብ ነው። ማህሌት ትከሻዬን ደግፋ ያዘችኝ።

እንግሊዝኛውን መኪና ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። "ክሊንት" አልኩት፤ አንተ ብዬው፣ የልጅ ልጄ ዕድሜ ነውና። "ሚስተር ሃርላን ልከውኝ ነው። ስለ ቅዳሜው መናገር ነበረብኝ ብለዋል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።" እዚህ ጋ እንግሊዝኛው ካደኝ። የቀረውን በአማርኛ ጨረስኩት። "ሰላም ብለውሃል" አልኩት። በዕድሜዬ ያልተላከ ሰላምታ ስንት ቦታ አድርሻለሁ፤ ይሄ በእውነት የተላከ ነበር።

የማህሌት ስልክ ጮኸ፣ አጠፋችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ሰምቶሻል ብለሽ ታስቢያለሽ?" አለችኝ።

"ተኝቷል" አልኳት። "አንቀስቅሰው።"